ሆት ሮድ በቤት ጋራዥ፦ የቱ ፎርድ፣ የቱ ሞተር፣ የቱ ፍሬን?

ፖሞና ላይ የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያ የሚቆመው እሁድ ነው፤ ያውም ጎህ ሳይቀድ። ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ በዝገት ክምር መሃል ይርመሰመሳል። አንዱ የ1930 ፎርድ በር በትከሻው ተሸክሞ ያልፋል። ሌላው ራዲያተር እንደ ሕፃን አቅፏል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሁሉንም ልገዛ ቃጣኝ። ደግነቱ ኪሴ አልፈቀደም።

ከዚያ ወዲህ "እኛም አንድ ሆት ሮድ እንሥራ እንዴ?" የሚሉኝ ወዳጆች በዝተዋል። ሁሉም የሚጀምሩት ከአንድ ጥያቄ ነው፤ "ሞተሩ ምን ይሁን?" ቆይ፣ ቆይ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ "መኪናው በስንት ዓመተ ምህረት የተሠራ ይምሰል?" የሚለውን መልሱ። እሱ ከተመለሰ ግማሹ ክርክር በራሱ ጊዜ ያልቃል። በነገራችን ላይ እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሆት ሮድ አዲስ ለሆነበት ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ የደቡብ ካሊፎርኒያ ጎረምሶች ርካሽ አሮጌ ፎርድ ይገዙ ነበር። ፓራፋንጎውን ይፈታሉ። ኮፈኑን ይጥላሉ። ሞተሩን ያጎለብታሉ ወይም በሌላ ይለውጣሉ። ከዚያ ሙሮክና ኤል ሚራዥ ወደሚባሉት የደረቁ ሐይቆች ወጥተው ይሽቀዳደማሉ። የሐይቁ ወለል ልክ እንደ ምጣድ ልሙጥ ነው። ሙሮክ ዛሬ የኤድዋርድስ አየር ኃይል ሰፈር ግዛት ሆኗል። ኤል ሚራዥ ላይ ግን በ1937 የተመሠረተው የደቡብ ካሊፎርኒያ የፍጥነት ውድድር ማህበር አሁንም ያወዳድራል።

እንግዲህ "ባህላዊ ሆት ሮድ" የሚባለው በዚያ ዘመን ዕቃና በዚያ ዘመን ዓይን የተሠራው ነው። ሆን ተብሎ የዛገ፣ የራስ ቅል የተሰቀለበት፣ ብየዳው የሚያስፈራ መኪና ካያችሁ እሱ ሌላ ነገር ነው። የዚያን ጊዜ ልጆች ድሃ ነበሩ እንጂ ዝርክርክ አልነበሩም። ገንዘብ ባገኙ ቁጥር መኪናቸውን ቀለም ያስቀቡ ነበር።

መጀመሪያ ዓመቱን ምረጡ

ባህላዊ ሠሪዎች አንድ ያልተጻፈ ደንብ አላቸው። ዓመት ትቆርጣላችሁ፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ የተሠራ ዕቃ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ አትሰቅሉም። በቃ። ሰው ብዙ የሚያመነታው በሦስት ዘመኖች መካከል ነው።

አንደኛው የ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ፍላትሄድ ሞተር (ቫልቮቹ ከጎን፣ ብሎኩ ውስጥ የሆኑ የፎርድ ቪ8፣ ማለት ስምንት ሲሊንደር በ"V" ቅርጽ)፣ የፎርድ የራሱ ካምቢዮ፣ የፎርድ ታምቡር ፍሬን፣ 16 ኢንች የብረት ቸርኬ። ክሮም የለም ማለት ይቻላል። ለኔ ከሁሉም የሚያምረው ይህ ነው። ግን ዕቃው ያረጀ ነው። የሚያውቀው ባለሙያም አብሮ እያረጀ ነው።

ሁለተኛው የ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ካዲላክና ኦልድስሞቢል በ1949፣ ክራይስለር በ1951 ቫልቫቸው ከላይ የሆነ ቪ8 አወጡ። ጎረምሶቹም ከተጋጩ አዳዲስ መኪኖች ሞተሩን እየነቀሉ አሮጌ ፎርድ ውስጥ ከተቱት። እነዚህ ሞተሮች መልካቸው ግሩም ነው። ክብደታቸውና የመለዋወጫቸው ዋጋ ግን ለጀማሪ አይመከርም።

ሦስተኛው የ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። የሼቭሮሌ ትንሹ ቪ8፣ አራት ማርሽ፣ በየመስመሩ የተሰፋ የቆዳ ወንበር። ዕቃ እንደ ልብ ይገኛል። መኪናው ሌላው ቀርቶ አስቤዛ ያመላልሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ምረጡ እላለሁ። በ1962 ብትቆርጡ ማንም "ይህማ ባህላዊ አይደለም" ብሎ አፍ አይከፍትባችሁም። አንዳንድ ፍላትሄድ ወዳድ ሽማግሌ ሊከፍት ይችላል። እሱን ቡና ጋብዙት።

ከብረቱ በፊት ሊብሬው

ይህን ክፍል ሰው ዘሎ ያልፈዋል። ኋላ ግን ያለቅሳል። የሞዴል ኤ ፎርድ ቁጥር የሚታተመው ሞተሩ ላይና በግራ በኩል ባለው የሻንሲ ብረት አናት ላይ ነው። የሻንሲው ቁጥር በአካሉ ሥር ስለሚደበቅ አካሉ ካልተነሳ ብዙ ጊዜ አይታይም። በዚያ ዘመን ሊብሬ የሚወጣው በሞተሩ ቁጥር ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ዛሬ ከሻንሲው ጋር ላይገጥም ይችላል። ምክንያቱም ሞተሩ ከተቀየረ ሰባ ዓመት አልፎታል።

ወረቀቱና ሻንሲው የሚገጥም አሮጌ መኪና ካገኛችሁ፣ ዛገም ተጣመመም፣ ጥቂት ጨምራችሁ ግዙት። ሌላው አማራጭ አዲስ የተሠራ ሻንሲ ገዝቶ "ልዩ ግንባታ" ብሎ ማስመዝገብ ነው። ካሊፎርኒያ ለእንዲህ ዓይነት መኪኖች በመኪናው መልክ ወይም በሞተሩ ዓመት መሠረት ከጭስ ሕጉ የሚያቃልል ማረጋገጫ ትሰጣለች፤ በዓመት ለ500 መኪኖች ብቻ። ስለዚህ የፈረንጆች ዓመት እንደገባ ብትቀርቡ ይሻላል። ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን ሕግ እዩ። በተለይ ፓራፋንጎ ለመፍታት ካሰባችሁ፣ ሕጉ ፓራፋንጎ ይጠይቅ እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ቲ፣ ኤ ወይስ 32?

ሞዴል ቲ ከ1908 እስከ 1927 የተመረተው ነው። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው። ረጅም ሰው ከሆናችሁ ጉልበታችሁ መሪው ሥር ይጣበቃል። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሞዴል ኤ ከ1928 እስከ 1931 ነው። አምስት ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ተመርቷል። ለዚህ ነው ዛሬም በየገበያው፣ በየጎተራው፣ በየቦታው የሚገኘው። ለዚህም ነው ክፍሎቹ በአዲስ መልክ የሚመረቱለት። አንዱን በር ካጣችሁ ከካታሎግ ታዝዛላችሁ።

የ1932ቱ ፎርድ "ዱስ" ይባላል። የዚህ ዓለም ንጉሥ ነው። ለሰፊው ሕዝብ በሚሸጥ ርካሽ መኪና ውስጥ ቪ8 ሞተር የገባው በዚህ ነው። የሻንሲው ጎን በመኪናው መልክ ውስጥ እንዲታይ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከፊት እስከ ኋላ የተቀረጸች መስመርም አለችው። ፓራፋንጎው ሲፈታ ይህ ብረት ብቻውን ይታያል፤ ያምራልም። ችግሩ ዋጋው ነው። የእውነተኛ የ1932 አካል ዋጋ ሰምታችሁ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ እንደሰማችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

እንግዲህ ከነዚህ የሚወለድ መካከለኛ መንገድ አለ። የሞዴል ኤ አካል በ1932 ሻንሲ ላይ ማስቀመጥ። ከጥንት ጀምሮ የሚደረግ ነው። የኤው ሻንሲ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 103.5 ኢንች ነው፤ የ32ቱ ደግሞ 106። ብረቱም ከኤው ይጠልቃል። ስለዚህ መኪናው ረዘም፣ ደልደል ይላል። አዲስ የተመረተ የ32 ሻንሲ መግዛት ይቻላል። በኪስ በኩል ግን ትልቁ ወጪ እሱ ይሆናል።

የኤውን ሻንሲ ለያዘ ሰው ምክሬ ይኸውላችሁ። ብረቱ ሲቆረጥ ጎኑ ክፍት ነው፤ እንደ "ሀ" ፊደል በጎኑ ተኝቶ አስቡት። ለ40 የፈረስ ጉልበት የተሠራ ስለሆነ ቪ8 ሲገባበት ይጠመዘዛል። ክፍት የሆነውን ጎን በውስጥ በኩል በብረት ሳህን ዘግቶ መበየድ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ሙሉውን አትበይዱ። አንድ ኢንች እዚህ፣ አንድ ኢንች እዚያ ማዶ፣ እየዘለላችሁ። ያለበለዚያ ሙቀቱ ሻንሲውን እንደ ሙዝ ያጎብጠዋል። በብየዳችሁ የማትተማመኑ ከሆነ ሻንሲውንና መሪውን ለባለሙያ ስጡ። ራሳችሁን በላሜራ አለማምዱ።

አካሉ፦ አሮጌ ብረት፣ አዲስ ብረት ወይስ ፋይበር ግላስ?

አሮጌ ብረት ነፍስ አለው ይላሉ። እኔም እላለሁ። ግን ነፍስ ብቻ አይደለም ያለው፤ ዝገትም አለው። ከታች ያለው የላሜራ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ተበልቷል። የሞዴል ኤ ዝግ መኪኖች ጣሪያቸው መሃል ላይ ብረት የለውም። እንጨት ነው፤ በላዩ ጨርቅ ተወጥሮበታል። እንጨቱ ከበሰበሰ አናጢም መሆን አለባችሁ ማለት ነው። ሻጩ "ትንሽ ስቱኮ ነው የሚፈልገው" ካላችሁ ማግኔት አውጡ። ማግኔቱ የማይጣበቅበት ቦታ ሁሉ የድሮ ባትላሜራ ኃጢአቱን የደበቀበት ነው።

አዲስ ብረት አለ። ኦሃዮ ውስጥ ብሩክቪል የሚባለው ፋብሪካ የሞዴል ኤንና የ1932ን ክፍት አካል በብረት አዲስ ያመርታል። ንጹህ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ውድ ነው። ጊዜ የሌለውና ገንዘብ ያለው ሰው ይግዛው። አሮጌ አካል ገዝታችሁ ለላሜራ ሥራ ለሰው ብትከፍሉ ግን ሒሳቡ ብዙ ጊዜ እዚያው ይደርሳል። ይህን መጀመሪያ ላይ ማንም አይነግራችሁም።

ፋይበር ግላስ ከሦስቱ ርካሹ ነው። አይዝግም፣ ቀላል ነው። ነገር ግን ውስጡ የብረት ድጋፍ ከሌለው በሩ ይወርዳል፤ ሲዘጋም እንደ ፕላስቲክ ባልዲ ይጮኻል። ሌላም ነገር አለ። ፋይበር ግላስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ለያንዳንዱ መብራት የራሱ የመመለሻ ሽቦ ካልዘረጋችሁ ማታ በጨለማ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። አንድ ወዳጄ የኋላ መብራቱን ሦስት ጊዜ ቀይሮ አምፖሉን ሲራገም ከርሟል። ጥፋቱ የአምፖሉ አልነበረም።

የአካሉ ዓይነትስ? ክፍቱ ሮድስተር ፎቶ ላይ ያምራል። ዝናብ ላይ አያምርም። ባለ ሁለት በር ኩፔው ሁሉም የሚፈልገው ስለሆነ ውድ ነው። እኔ የምመክረው ቱዶር የሚባለውን ባለ ሁለት በር ሴዳን ነው። አራት ሰው ይይዛል፤ ዋጋውም ከኩፔው ይሻላል። ባለ አራት በሩን ማንም አይፈልገውም። ልጆች ላለው ሰው ግን ይህ ዕድል ነው።

አንድ ነገር ሳልረሳ። የሞዴል ኤ ነዳጅ ታንከር ያለው ከዳሽቦርዱ ጋር ነው፤ ከጉልበታችሁ ፊት ለፊት። ነዳጁ በራሱ ክብደት እየወረደ ወደ ካርቡራተሩ ይገባል፤ ፓምፕ የለውም። ብልሃት ነበር፤ ለዛሬ መንገድ ግን እኔ አልቀመጥበትም። ታንከሩን ወደ ኋላ ውሰዱት። ፎርድም በ1932 ያደረገው ይህንኑ ነው።

አሁን ሞተሩ

እሺ። ሁሉም የሚጠብቀው ክፍል ደረሰ።

የሞዴል ኤ የራሱ ሞተር አራት ሲሊንደር፣ 200 ኪዩቢክ ኢንች ወይም 3.3 ሊትር፣ 40 የፈረስ ጉልበት ነው። ብዙ ሰው አውጥቶ ይጥለዋል። እኔ ግን እናገርለታለሁ። ቀላል መኪና ላይ ሁለት ካርቡራተርና የተሻለ ቴስታታ ቢገጠምለት ለከተማና ለገጠር መንገድ በቂ ነው። ሻንሲውም አያስቸግርም፣ ካምቢዮውም አይሰበርም። የ1930ዎቹ ልጆች ሐይቁ ላይ የሮጡት በዚህ ነው። ትልቁን አውራ ጎዳና ግን እርሱት።

ፍላትሄድ ቪ8 ከ1932 እስከ 1953 ተመረተ። ሲጀምር 221 ኪዩቢክ ኢንችና 65 የፈረስ ጉልበት ነበር። ቆይቶ 239 ኢንች ሆነ። ከ1949 እስከ 1953 የነበረው የመርኩሪ (የፎርድ እህት መኪና) ሞተር ደግሞ 255 ደርሷል። በጉልበት ካየነው ዛሬ ትንሽ ቶዮታ ይበልጠዋል። ታዲያ ሰው ለምን ይሞትለታል? ድምፁን ስሙ። ቆሞ ሲጉረመርም የጥምቀት ከበሮ ከሩቅ እንደሚሰማው ነው። መልኩም እንደዚያው ነው። ሁለት ዝርግ ቴስታታ፣ መሃል ላይ ሁለት ወይም ሦስት ካርቡራተር። ኮፈን ለሌለው መኪና የተፈጠረ ይመስላል።

ይሞቃል የሚለው ሐሜት ግን እውነት ነው፤ ምክንያትም አለው። ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ጎን፣ ብሎኩ ውስጥ ናቸው። የተቃጠለው ጭስ ወደ ውጭ ለመውጣት ውሃው ባለበት ብሎክ ውስጥ አልፎ መሄድ አለበት። በየጎኑ ያሉት አራት ሲሊንደሮች ደግሞ ሦስት መውጫ ብቻ ነው ያላቸው፤ መሃል ያሉት ሁለቱ አንዱን ይጋራሉ። ስለዚህ ሞተሩ የራሱን ውሃ በራሱ ጭስ ይቀቅላል። በዚያ ላይ የሰባ ዓመት ዝገትና የፋብሪካ አሸዋ የውሃውን መንገድ ዘግቶት ይሆናል። ብሎኩ በደንብ ከታጠበ፣ ራዲያተሩ ጥሩ ከሆነ፣ ሁለቱም የውሃ ፓምፖች ከሠሩ ይበርዳል። ግን ሥራ ነው።

ሌላው ስንጥቅ ነው። ከቫልቭ መቀመጫው ወደ ሲሊንደሩ፣ ወይም ከብሎን ቀዳዳው ወደ ውሃው መንገድ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያ ብሎኬን የገዛሁት በአንድ ጠዋት ገበያ ላይ ነው። ሻጩ ሽማግሌ ነበር፤ "ከመኪና ላይ ሲወርድ ይሠራ ነበር" አለኝ። እውነቱን ይሆናል፤ መቼ እንደወረደ አልጠየቅኩትም። አጥቤ ለማሽን ሱቅ ስሰጠው በማግኔትና በብረት ዱቄት ፈተሹት። ስንጥቁ እንደ ወንዝ ካርታ ወጣ። አራት ቦታ። ዛሬ ያ ብሎክ ጋራዤ ውስጥ የመብራት ማቆሚያ ነው። ስለዚህ ሳይፈተሽ አትክፈሉ፤ ወይም እንደ መብራት ማቆሚያ ዋጋ ክፈሉ።

የ1949 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት ፍላትሄዶች ይሻላሉ ይባላል፤ ለመጠገንም ይመቻሉ። ነገር ግን ፊትና ኋላቸው ከቀደሙት ይለያል። ከአሮጌው ካምቢዮ ጋር ለማገናኘት የጭነት መኪናውን የፍሪሲዮን ቤት ወይም ማገናኛ መፈለግ ይኖርባችኋል። ገበያ ላይ ስትቆሙ ይህን አስታውሱ።

ሼቭሮሌ ትንሹን ቪ8 ያወጣው በ1955 ነው፤ 265 ኪዩቢክ ኢንች። በ1957 283፣ በ1962 327፣ በ1967 350 ሆነ። የፎርድ ሰዎች "በፎርድ ውስጥ ሼቭሮሌ!" እያሉ ያኔም ተቆጡ፤ አሁንም ይቆጣሉ። ግን ልጆቹ ወዲያው ወደሱ ዞሩ። ቀላል ነበር፣ ርካሽ ነበር፣ ከፍላትሄዱ እጥፍ ጉልበት ያለ ብዙ ልፋት ይሰጥ ነበር። ዛሬ መለዋወጫው በየሰፈሩ ሱቅ አለ። ቅዳሜ ማታ ተበላሽቶ እሁድ ጠዋት መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ፍላትሄድ ላይ ይህን አትሞክሩት።

ለባህላዊ መኪና ከሁሉም የሚስማማው 283 ነው። 350 ካላችሁ ግን አትጣሉት፤ አልብሱት። ከ1969 በፊት የነበሩት ቴስታታዎች ጫፋቸው ላይ የብሎን ቀዳዳ የላቸውም። ንቁ ዓይን ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። አሮጌ ቴስታታና ከፊት የዘይት መሙያ ቱቦ ያለው የድሮ ማኒፎልድ ከገጠማችሁ ውስጡ ስንት ኢንች እንደሆነ ማን ያውቃል?

አንድ እንቅፋት አለ። የሼቭሮሌ ዲስትሪቢዩተር ከኋላ ነው። የሞዴል ኤ ሞተር ቤት ጠባብ ስለሆነ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ወደ ውስጥ መቅደድ ሊያስፈልግ ይችላል። የፎርድ 289 ዲስትሪቢዩተሩ ከፊት ስለሆነ በቦታ በኩል ይሻላል። ግን የወጣው በ1963 ነው፤ ዓመታችሁን ወደዚያ ማስጠጋት አለባችሁ። አያችሁ፣ ለዚህ ነው ዓመቱ ይቅደም ያልኩት።

ካምቢዮና ዲፈረንሻል

ፎርድ በ1939 ያወጣው ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ ለፍላትሄድ የሚመጥን ነው። አንደኛው ማርሽ ሲንክሮ (ማርሹን ያለ ጩኸት የሚያስገባው ክፍል) የለውም፤ መኪናው ሳይቆም ብታስገቡት ጥርሱ ይጮኻል። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ይህን አያስተምሩትም። ሌላው አማራጭ ቲ5 የሚባለው ባለ አምስት ማርሽ ነው። ከ1980ዎቹ ነው፤ ደንቡን ይጥሳል። ግን ከወለል በታች ነው። የማይታይ ነገር ኃጢአት አይሆንም፤ እኔ በበኩሌ እንዲህ ነው የማምነው።

ልዩነቱን በቁጥር እዩት። የዲፈረንሻሉ የጥርስ ንጽጽር 4.11 ቢሆን፣ የኋላ ጎማው ቁመት 30 ኢንች ቢሆን፣ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በሦስት ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ያህል ይሽከረከራል። በቲ5 አምስተኛ ማርሽ ወደ 2150 ይወርዳል። ሎስ አንጀለስ ደርሳችሁ ጆሯችሁ ይጮህ እንደሆነ የሚወስነው ይህ ነው።

የድሮው የፎርድ ዲፈረንሻል መልኩ ይማርካል። በብዙ ጉልበት ግን ይሰበራል፤ የኋላውን ፍሬን ለመፍታትም ልዩ መሳቢያ ይጠይቃል። ከ1957 ጀምሮ የወጣው የፎርድ 9 ኢንች ዲፈረንሻል አይሰበርም። ሃሊብራንድ የሚባለው፣ ከኋላ ክዳኑን ከፍቶ ጥርሱን በደቂቃዎች የሚቀይሩት፣ የዚህ ሁሉ ጌጥ ነው። ያፏጫል። ውድ ነው። ገንዘብ ካላችሁ ምክር አትፈልጉም።

ፍሬን ላይ አልከራከርም

ሄንሪ ፎርድ እስከ 1938 ድረስ በብረት ዘንግ የሚጎተት ፍሬን ሙጭጭ ብሎ ያዘ። ሌሎቹ በዘይት የሚሠራውን ሲጠቀሙ እሱ የተቀበለው በ1939 ነው። የሞዴል ኤን የዘንግ ፍሬን በ40 ፈረስ መኪና ላይ በደንብ ከተስተካከለ እሺ። ቪ8 ገብቶ ከሆነ ግን አይሆንም። የዘመን ፍቅር እዚህ ጋ ይቁም።

በባህላዊው መንገድ ከሄዳችሁ ከ1939 እስከ 1948 ያለው የፎርድ የዘይት ታምቡር ፍሬን በትንሽ ማስተካከያ ይገጥማል። ከሱ የሚሻለው የ1940ዎቹ ሊንከን (የፎርድ ኩባንያ የቅንጦት መኪና) ፍሬን ነው። መንኮራኩሩ ሲዞር የፍሬን ሸራውን ራሱ ወደ ታምቡሩ ይጎትተዋል፤ ስለዚህ በትንሽ እግር ብዙ ይይዛል። ዲስክ ፍሬን ከሁሉም ይበልጣል። ነገር ግን ፓራፋንጎ በሌለው መኪና ላይ ከሩቅ ይታያል፤ መልኩንም ያበላሻል። ተራራ የምትወርዱ፣ ቤተሰብ የምትጭኑ ከሆነ ዲስኩን ግጠሙና የሚስቅ ይሳቅ።

የትኛውንም ብትመርጡ ማስተር ሲሊንደሩ ባለ ሁለት ክፍል ይሁን። ከ1967 ሞዴል ጀምሮ የአሜሪካ መኪኖች የያዙት እሱን ነው። አንዱ መስመር ቢፈነዳ ሌላው ይይዛል። በሆት ሮድ ላይ ማስተሩ ወለል ሥር ስለሚቀመጥ ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ ትንሽ ቫልቭ በመስመሩ ላይ ያስፈልጋል፤ ለዲስክ 2፣ ለታምቡር 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)። ይህን የረሳ ሰው ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ካልረገጠ ፍሬን አያገኝም።

መሪ፣ ጎማና የቀሩት

የፊት አክስሉ ወደ ታች የጎበጠ፣ በአንድ አግድም ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ይሆናል። የፎርድ አክስል የተቀጠቀጠ ብረት ነው። ማን እንደሠራው የማይታወቅ የፈሰሰ ብረት አክስል በርካሽ ቢሰጧችሁ አትንኩት። አክስሉን ስትገጥሙ አናቱ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ወደ ኋላ ይዘንበል። ይህ ካነሰ መሪው በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ መዝሙረ ዳዊት ይታወሳችኋል። ለመሪ ሳጥን የ1948 እስከ 1952 የፎርድ ኤፍ1 ፒክአፕ ሳጥን ለዘመኑ ይስማማል፤ ጥርሱ ያልተበላ ካገኛችሁ።

ጎማ ላይ ሰው ይጣላል። የድሮው አሠራር ጎማ መልኩ ልክ ነው፤ ከፊት ቀጭን፣ ከኋላ 7.50-16 ወፍራም። ግን የመንገዱን ቦይ ሁሉ ይከተላል። ጠዋት ሲነሳም አንድ ጎኑ ጠፍጥፎ ስለሚያድር እስኪሞቅ ይነጥራል። ራዲያል ጎማ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከጎን ሲያዩት ግን የታክሲ ጎማ ነው። መልኩ የድሮ፣ ውስጡ ራዲያል የሆነም ይሸጣል። ዋጋው ያስላል። ብዙ የምትነዱ ከሆነ እሱ ይሁን።

ባትሪው 12 ቮልት ይሁን። ፎርድ እስከ 1955 በ6 ቮልት ቆይቷል፤ እናንተ አትቆዩ። ቀለም የማትቀቡ ከሆነ ደግሞ የታችኛውን ግራጫ ቀለም ብቻ ቀብታችሁ ዝናብ ላይ አታሳድሩት። ውሃ ያስገባል። ከሥሩ ይዝጋል።

የኔው መኪና የ1931 ቱዶር ነው። የራሱ ሻንሲ፣ ውስጡ የተዘጋ። 283 ሞተር፣ ቲ5 ካምቢዮ፣ ከፊት የሊንከን ፍሬን። ፍላትሄዱን ገና እፈልጋለሁ፤ የመብራት ማቆሚያው አልበቃኝም። ፓራፋንጎዎቹ አልተጣሉም፤ ጋራዡ ጣሪያ ላይ ተሰቅለዋል። ባለፈው ፌርፋክስ ላይ፣ ትንሿ ኢትዮጵያ፣ ምሳ በልቼ ስወጣ አንድ አባት መኪናውን ዞረው ዞረው አዩት። ከዚያ በሐዘን ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ "አይዞህ ልጄ፣ ፓራፋንጎውን ሰርቀውህ ነው? ጎበዝ ባትላሜራ አውቃለሁ" አሉኝ።